ክንድ ያህል ጭቃ

ከኤረር በር ወዲህ፣ ግንቡ ሆዱን ነፍቶ በቆመበት፣
የጠዋት ፀሐይ ከሁሉ ቀድማ በምታርፍበት፣
ዩያ ግንበኛው ነው፣ እኔ አቀባይ፣
ባልዲ በትከሻ፣ ዓይን ወደ ላይ።
ሥራችን አጭር ነው፦ ቀዳዳ መድፈን፣
ጭቃው የለቀቀውን በሲሚንቶ መክደን።
ቀዳዳው ብዙ ነው፣ እንደ ወንፊት ዓይን፣
እርሳስ የሚያስገባ፣ ለጣት የማይሆን።

መጀመሪያ ሳያት ዝንብ መስላኝ ነበር፤
በሻሼ ጫፍ «እሽ!» አልኳት፣ እንድትበር።
አልበረረችም።
በአፏ ውሃ ይዛ ከቧንቧው ጠብታ፣
ደረቁን ጭቃ አርጥባ፣ ፈልፍላ፣ አላልታ፣
በኋላ እግሯ አፈሩን ገፍታ አውጥታ፣
ደግሞ ወደ ቧንቧው።
አውራ የላት፣ ቀፎ የላት፣ ማር የላት የሚቆረጥ፣
ስለ ንብ የሰማሁት ሁሉ በሷ ላይ የሚገለበጥ፤
ራሷ ንግሥት ናት፣ ራሷም ገረድ፣
ብቻዋን ስትወጣ፣ ብቻዋን ስትወርድ።

እማማ ረውዳ ናቸው፣ ባለ ሮማኗ ደጅ፣
«ጎረቤቴ ናት» ያሉኝ፣ «ሰውን የማትፈጅ።
የአበባ ዱቄት በእግሯ ተሸክማ፣
አንዲት ሙልሙል ትጋግራለች በዚያ ጨለማ፤
በላዩ አንድ እንቁላል፣ የሩዝ ፍሬ መሳይ፣
ደጁን ትመርጋለች፤ ልጇን ግን አታይ።
እሷ በበጋው ታልፋለች፤ ልጁ ዝናብ ጠብቆ፣
ማንም ሳያሳየው ይወጣል፣ ጭቃውን በጥርሱ ፍቆ።
ሮማኔን ማን ያፈራው ይመስልሻል?» አሉና፣
ዝም አሉ፤ ከመስጊድ አዛን ተሰምቷልና።

በማግስቱ ዩያ ያን ገጽ ጨረሰው፤
ሲሚንቶው እንደ ሐር ለስልሶ ግንቡን አለበሰው።
እኔ ነኝ ያቀበልኩት፣ በእነዚህ እጆቼ፤
ዝም አልኩ፤ እራት ይጠብቃሉ ሁለቱ ልጆቼ።

ረፋድ ላይ መጣች፣ እግሯ በቢጫ ዱቄት ሞልቶ፣
ቤቷ ካለበት ስትደርስ ቤቷ የለም፣ ጠፍቶ።
ወደ ግራ አንድ ስንዝር፣ ወደ ቀኝ አንድ ስንዝር፣
እንደ ዓይነ ስውር እጅ ግንቡን ስትዳብስ፣ ስትዞር፣
እስከ አበባው ተመልሳ፣ መንገዱን ደግማ ጀምራ፣
ስህተቱ የሷ ይመስል፣ ከራሷ ጋር ተማክራ።
እስከ ቀትር ቆጠርኩ። አርባ ሁለት ጊዜ።
ከዚያ ባልዲዬን አስቀመጥኩ።

«ዩያ» አልኩት፣ «የጥንት ሰው ይህን ግንብ ሲሠራ፣
ለጅብ ቀዳዳ ትቷል፣ አውሬውን ሳይፈራ፤
ሌሊት ገብቶ እንዲለቅም፣ አጥንት ጎዳና እንዳይከርም፤
ለጅብ በር የሰጠ ከተማ ንብን ደጅ አይነሳም።»
ሳቀ ዩያ። ሳቁ ረጅም ነው፣ ጥርሱም በጫት አረንጓዴ፤
«ተቆጣጣሪው ቢመጣስ? ደሞዜ ሲቆረጥ ንብሽ ትከፍላለች እንዴ?»
ግን ማንኪያውን በሱሪው ሲያብስ አየሁት፣ ቀስ ብሎ፤
ከሮማኗ ደጅ ትይዩ፣ ክንድ ያህል ዘሎ፣
ከዚያ ወዲያ ለሰነ።
ያቺን ክንድ እኔ ሞላኋት፣ በቀይ አፈር፣ በጭድ ጭቃ፣
በምስማር ወጋ ወጋ አድርጌ፣ ሲመሽ፣ ሥራዬ ሲያበቃ።

ያቺ ንብ አልመጣችም። ወይ መጥታ አላየሁ ይሆናል።
ከሲሚንቶው ሥር ያሉት፣ አራት ይሁኑ አርባ፣ ማን ያውቃል፤
ዝናቡን እየጠበቁ ነው፣ ሳይሰሙ እንደተዘጋ፣
ጥርሳቸው ድንጋይ ሊነክስ፣ ሌሊታቸው ሲነጋ።

እኔ ግን በዚያ በኩል ሳልፍ፣ ለገበያም ይሁን ለሠርግ፣
ክንዴን አስጠግቼ እለካለሁ።
ጭቃው አለ። ዘንድሮ አንድ ቀዳዳ አየሁ፣
እኔ በምስማር ያልወጋሁት፤
የተርብ ይሁን የንብ አልለየሁም፣
አፉ በእርጥብ አፈር የተመረገ።