ዋጋው ዜሮ የሆነ ቤት

በኩሮሃማ ደሴት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፎቅ ላይ፣
የማታው ጀልባ ሄዶ፣ ባሕሩ ሳይለይ ከሰማይ፣
ሺዙኖ ኮድ ትጽፋለች። ኮዱ አጭር ነው፣ አራት መስመር፤
የታዘዘችውም ቀላል፦ ሰው የሌለበትን ቤት መቁጠር።

መዝገቡ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ ዋጋ ይከፍታል፤
ቁልፉ የቤት ቁጥር ነው፣ ዋጋው ከቆጣሪ ይመጣል፤
ስድስት ወር የበራ መብራት፣ በኪሎዋት ተለክቶ፣
ከቤቱ ቁጥር ጎን የሚያድር፣ እንደ ጥላ ተጠግቶ።

    ለእያንዳንዱ ቁልፍ፣
    ዋጋው ዜሮ ከሆነ፣ አንድ ደምር፤
    ካልሆነ እለፍ።
    ሲያልቅ ድምሩን ንገር።

ማሽኑ በር አያንኳኳም፣ ጫማ አያወልቅም ከደጅ፤
ሁለት መቶ ስድስት ቤት ዞረ፤ የዓይን ጥቅሻ ያህል እንጂ
አልፈጀበትም። "አርባ አንድ" አለ።

አርባ አንድ።
ጣራ የለው፣ ደጃፍ የለው፣ ስም የለው፤
ጥቁር ሜዳ ላይ የቆመ ነጭ ቁጥር ብቻ ነው።
ነገ ጧት በጀልባ ወደ ዋናው ምድር ይሻገራል፤
በቁጥሩ ልክ በጀት፣ በበጀቱ ልክ ቡልዶዘር ይመጣል።

ልትልከው ነበር። ጣቷ ከቁልፉ ጫፍ ደርሶ፣
ምን ትዝ እንዳለው አይታወቅ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ
ሌላ ጻፈ፦ አትቁጠርልኝ፤ ቁልፎቹን ጥራ።
ወረዱ ከላይ ወደ ታች፣ እንደ ወረፋ በተራ።

ሠላሳ ሁለት፦ የባሕር አረም ያሰጡ የነበሩ እኅትማማቾች።
ስልሳ ሰባት፦ ሬዲዮ ጠጋኙ፤ ደጁ ላይ የዛጉ ሽቦዎች።
መቶ ዘጠኝ፦ መምህርቷ፤ መንደሪኑ አሁንም ያፈራል፣
ማንም አይለቅመው፣ በየዓመቱ መሬት ላይ ይፈርጣል።
መቶ አርባ ስምንት፦ ካንዛቡሮ።

ካንዛቡሮ?
ትናንት እኮ አይታቸዋለች፤ ሁለት ሰርዲን ገዝተው
ሳንቲም ሲቆጥሩ፣ አንድ ጎድሎ፣ እንደገና ደግመው።

ባትሪዋን ይዛ ወጣች ዳገቱን፣ ደረጃ በደረጃ፤
ከጨለመው መስኮት ሥር አንኳኳች። ይኑሩ አይኑሩ እንጃ።

"ግቢ፣" አሉ ከውስጥ፣ "ባትሪውን ግን አጥፊው።"
ሽማግሌው ተቀምጠዋል ፊታቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው።
"መብራት ስታበሪ፣ መስታወቱ የሚያሳይሽ ራስሽን ነው፤
ስታጠፊው ባሕር አለ፤ የዓሣ ጀልባ አለ ከነፋኖሱ።
ፊቴንማ
አየሁት ሰማንያ ሦስት ዓመት። ምን ተረፈው?"

ነገረቻቸው፦ መዝገቡ ላይ ዋጋዎ ዜሮ ነው ይላል።
ሳቁ፣ ሳል እስኪይዛቸው፦ "ርካሽ ዕቃ ማን ይሰርቃል?
ለካ ሞት የተወኝ ለዚህ ነው!"

ስትወርድ ደግሞ አሥራ አራት ቁጥርን አየች፤ ማንም አይኖርበትም፤
ደጁ ላይ የለስላሳ መሸጫ ማሽን ይበራል፣ ሌሊትና ቀን አይጠፋም።
ዋጋው ሰባት መቶ ሠላሳ። በመዝገቡ ላይ ሕያው ነው፤
ቀዝቃዛ ሻይ በጣሳ ይሸጣል፣ ለማን እንደሆነ ማን ይወቀው።

ተመልሳ አንድ መስመር ጨመረች፦
    ዋጋው ዜሮ ከሆነ፣ ደግሞም
    በሩ ተንኳኩቶ መልስ ካልሰጠ ማንም፣
    አንድ ደምር።
ማሽኑ በቀይ ጻፈ፦ "እንዲህ ያለ ዓምድ አልተሞላም፤
ስለ ተንኳኳ በር የማውቀው የለም።"

እውነቱን ነው። አርባ ቤት ቀርቷል፤ ያንኳኳ የለም።
ዜሮ መልስ ነው፤ ያልተጠየቀ ግን ዜሮም አይደለም።

ንጋት ላይ ጀልባው ጡሩምባውን ነፋ። ቁጥሩ አልተላከም።
ሺዙኖ ሠላሳ ሁለት ቁጥር በር ላይ ናት፤
ደብተሯ በብብቷ፣ ጫማዋን ጤዛ አርሶባት።
አንኳኳች።
እስከ አሥር ልትቆጥር አሰበች፤
ሰባት ላይ ስትደርስ
ከውስጥ አንድ ነገር ኮሽ ያለ መሰላትና፣
ቆጠራውን ትታ
ጆሮዋን ከበሩ ለጠፈች።