ሃያ ዩሮ

ካፊያ ነው፣ ቅዳሜ ነው፤ ከአስቱሪያስ ተራራ ሥር
በላርሚኖ ሸራ ወጥሮ ሰንጢዎቹን ሲደረድር፣
ኦብዱሊያ መጣች፣ የፖስታ ቤት ካፖርቷ እንደራሰ፤
ሐሙስ ዕለት የድሮ ሰንጢዋ ከድልድይ ወድቆ ወንዝ ደረሰ።
ጣቷን ብርድ አደንዝዞት ነው። ወንዙ ግን ምን ሊሠራበት?
ጥቅል የለው የሚፈታው፣ ዳቦ የለው የሚቆርጥበት።
እሷም ለቅዱስ አንቶኒዮ ሻማ ተስላ አደረች፤
"ያንኑ ባትመልስ እንኳ፣ የሚተካ ስጠኝ" አለች።

"ሃያ ዩሮ ነው ያለኝ፣ ከዚያ ሳንቲም አላልፍም፤
ለኪስ ነው፣ ለግድግዳ አይደል፤ የሚያምር ብቻ አልፈልግም።"

የመጀመሪያው አብረቀረቀ፤ እጀታው የበሬ ቀንድ።
በሱ ዋጋ ሦስት ይገዛል፤ ምን በወጣት ለዚህ ለአንድ!
"ይሄን ብይዝ" አለች ስቃ፣ "ኪሴን ስዳብስ ልኖር ነው፤
ጠባቂው እኔ ከሆንኩ፣ አገልጋዩ ታዲያ ማነው?"

ሁለተኛው አምስት ዩሮ፣ ከካርቶን ተዝቆ የወጣ፤
ሲከፍቱት ወገቡ ላላ፣ ሲጫኑት ወደ ጣት መጣ።
"እሱን ተይው" አለ በላርሚኖ፣ አንገቱን በኀፍረት ሰብሮ፣
"ለመንገደኛ ነው የማኖረው። ርካሽ ያስከፍላል ውሎ አድሮ።"

ሦስተኛውን ከመሳቢያ አወጣ። ማኅተም የለው፣ ጌጥ የለው፤
እጀታው የፖም እንጨት፣ ባንድ ጎኑ ጠቆር ያለው።
ዘይት ካጣ ይዝጋል፤ ግን ድንጋይ ላይ ሦስቴ ቢስሉት
እንደ ጎህ ይነቃል፣ አለ፤ አሥር ዓመት ቢሠሩበት።

ጓንቷን ሳታወልቅ ከፈተችው።
ጠቅ።
ዘጋችው።
ጠቅ።
ደግማ ከፈተች። ዳቦ ቆረጠች፣ ሲባጎ ቆረጠች፤
እሱ ዋጋ ሳይቆርጥ በፊት፣ እሷ በልቧ ቆረጠች።

"ሃያ ሦስት።"
ኪሷን አራገፈች። ሃያ። ያው ሃያ።
ተስፋ ልትቆርጥ ስትል አያት፤
የስንት ክረምት ደብዳቤ በዚህች እጅ እንደደረሰው።
"በቃ፣ ውሰጂው በነጻ።"
"በነጻማ አይሆንም! ስለት በስጦታ ከሄደ
ወዳጅነት ይቆርጣል ትል ነበር እናቴ። ሃያውን ያዝ፤
ሦስቷ ዕዳ ትሁን። ዕዳ ያለበት ሰው ይመጣል፣
ሰላም ይላል።"

ሰኞ ጠዋት፣ ቴሌስፎሮ ደጅ፣ ጥቅሉ በገመድ ተተብትቦ፤
ሽማግሌው በቀሩት ጥርሶቹ ሊታገል ሲል፣ "ቆይ" አለችው።
ጠቅ።
ገመዱ ሳያውቀው ተለያየ።

ስለቱም ተስሏል፣ ስለቷም ሰምሯል፤
ለቅዱሱ አንድ ሻማ፣ ለበላርሚኖ ሦስት ዩሮ
አለባት እስከ ቅዳሜ።