የስም ኪራይ

አርባ ዓመት የሰው ስም ጻፍኩ፣ መሰላል ላይ ተንጠልጥዬ፣
ቀዩን ከጥቁር አዋህጄ፣ ጥላውን ከፊደል ነጥዬ፤
የልብስ ሰፊውን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የሰዓት አዳሹን በር፣
“ዱቤ ዛሬ የለም” ያለውን ሳይቀር።
ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ቸርችልን ይዘህ ስታልፍ
እጄን ሳታነብ የምትሻገረው አልነበረም ደጃፍ።

አምና በሮቹ ፈረሱ። ስሞቹም አብረው በጭነት
መኪና ሄዱ፤ የ“ሐ”ዬ እግር፣ የ“ወ”ዬ ክብነት
ከቆርቆሮ ጋር ተጣጥፎ። ክፋት ብዬ አልናገርም፤
መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ እግረኛም አይቸገርም፤
ብቻ ማን እንደ ጻፋቸው ነጋሪ ከእንግዲህ አይኖርም።

“ፎቶ አለህ አይደል?” አለች ፌቨን፣ የታናሽ ወንድሜ ልጅ፣
“ድረ ገጽ እንክፈትልህ፤ ሥራህ ይዋል በዓለም ደጅ።”
ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ አንድ ቤት ገባን፣ ኮምፒውተሩ የሚያቃስት፣
ሰዓቱ በብር የሚቆጠር፣ ወንበሩ እግሩ ሦስት።
“መጀመሪያ ስም ነው” አለች። ሳቅኩ። ስምማ እንጀራዬ ነው፤
ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ሰምቼ ያደግኩ ሰው፣
እዚህ ግን መልአኩ ደላላ ነው።

ጌጡ ብላ በእነሱ ፊደል ሞከረች፣
“ተይዟል አጎቴ” አለች።
ማን ያዘው? “ጡ” የላቸውም እኮ! “ጠ” እዚያ “ተ” ይሆናል፣
ጌጡ ባሕር ሲሻገር ጌቱ ተብሎ ይነበባል፤
እናቴ ጌጥ ብላ ያወጣችኝ፣ ጌታ ሆኜ ተመዘገብኩ፣
ለዚያውም በሌላ ጌታ ተቀደምኩ።
“የአባትህን ጨምርበት።” ጨመርን። ረዘመ፣ ግን ዳነ፤
አባቴ በሞተ በሃያ ዓመቱ ለልጁ ዋስ ሆነ።

“አሁን አከራዩን እንምረጥ።” “አከራይ? እኔ አልገዛውም?”
“በዓመት በዓመት ነው አጎቴ፤ የማንም አይሆን ለዘላለም።”
እንዲህስ ከሆነ አውቃቸዋለሁ፤ ስድስት ቤት ተከራይቻለሁ፣
አከራይ አፉን ሳይከፍት የሚለውን እሰማለሁ።

አንዱ “በአንድ ዶላር ብቻ!” አለ፣ የምትስቅ ሴት ፎቶ ለጥፎ፤
ከሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ ሁለተኛው ዓመት ሃያ ሁለት ተጽፎ።
ደቃቅ ፊደል የሚያስጽፍ ሰው የሚደብቀው አለው፤
ከሙያዬ ነው የማውቀው፣
ባለሱቅ “አሳንሰህ ጻፍ” የሚልህ የሚያፍርበትን ዋጋ ነው።
ሌላው ስልኬን፣ ሰፈሬን ለአላፊ አግዳሚ አሳይቶ
መጋረጃ ይሸጥልኛል፣ መስኮቱን ራሱ ከፍቶ።
ሦስተኛው ሳላዘው ሦስት ዕቃ ዘንቢሌ ውስጥ ከተተ፤
አንድ በአንድ ስናወጣው የከፈልነው ሰዓት ሞተ።

በመጨረሻ አንድ ደረቅ ገጽ። ሥዕል የለው፣ ሳቅ የለው፤
ግን በቃልና በቃል መሃል ትንፋሽ አለው።
የዘንድሮውና የአሥረኛው ዓመት ዋጋ
እኩል ቆመዋል፣ ጎን ለጎን፣ በአንድ ቁመት፣ በአንድ አልጋ።
“ብለቅስ?” አልኩ። ውል ሲመጣ የምጠይቀው ይህን ነው፤
መግቢያው ሁሉ ያማረ ነው፣ ቤትን የሚመሰክር መውጫው ነው።
“ስምህን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ኮድ ይሰጡሃል፣ አያስለምኑም።”
እንግዲያው እዚህ እንግባ፤ መውጫ ያላቸው አያፍኑም።
ብሬ ግን ባሕር አይሻገር! የፌቨን ባልደረባ ኦብሴ
በካርዷ ከፈለችልኝ፣ ቆጥሬ ሰጠኋት ከኪሴ።

ሦስት ዓመት ያዝኩ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉናል፤
ኪራዩን ማን እንደሚከፍል ግን መቼ ነግረውናል?
ፌቨንን ይህን ብላት “ማስታወሻ ይልኩልኛል” አለች፣
የሰዓቱን ልትከፍል ተነሣች።

በ“ሰም” እና በ“ስም” መሃል ያለችው አንዲት ጭረት ናት፤
ስንቴ ተንጠባጥባብኝ በጥፍሬ ጠርጌ መለስኳት።

ባዶው ገጽ ላይ ስሜ ወጣ፣ ግድግዳ የለው፣ በር የለው።
ጣቴ እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደ፣ ከሥር፣
አሳንሶ፣ “ጌጡ ጻፈው” ሊል፤
ለካ ደንበኛውም ጌጡ ነው።