መስኮቱ

በኦውሉ ከተማ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ታውኖ ኤሊውን ያሞቅ ነበር በፀሐይ፤
ከመስኮቱ ግርጌ ምንጣፍ ዘርግቶለት፣
ሰላጣ በሰሃን ቆርጦ አቅርቦለት፣
«ብላ እንጂ፣ ከንቲባ!» ይለዋል ማለዳ፤
ያኝካል ቀስ ብሎ፣ እንደ ኩሩ እንግዳ።

ስድስት ዓመት እንዲህ።

አንድ ቀን ሊያጥበው ጀርባውን ቢነካ፣
እንደ ርጥብ ካርቶን ስርጉድ ይላል ለካ።

ሐኪሟ ራጁን በመብራት አየችው፣
«መስኮትህ ሌባ ነው» ስትል ነገረችው፤
«ሙቀቱን ያስገባል፣ ብርሃኑን አሳልፎ፣
አጥንት የሚያጸናውን ያስቀራል ጠልፎ።»

ታውኖ ዝም አለ።
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሰሃን እየሞላ፣
አስርቦት ኖሯል።

ኅዳር ነው፤ ፀሐይቱ ለአመል ብቅ ብላ፣
ጫማ ሳታወልቅ ትላለች ወደ ኋላ።
መብራት ገዝቶ መጣ፣ ባለ አልትራቫዮሌት፣
አንድ ክንድ ከፍታ ለክቶ ሰቀለለት፤
አምፖሉ እየበራ ጉልበቱ ስለሚሞት፣
የሚቀየርበትን ቀን በቀይ ከበበለት።

ሰኔ ላይ ከንቲባው፣ በታውኖ እጅ ታቅፎ፣
ወረደ ደረጃውን፣ መስታወቱን አልፎ፤
ሣሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ዘርግቶ፣
ዓይኖቹን ጨፈነ።
ታውኖም የሸሚዙን ቁልፎች ፈታቶ
ቁጭ አለ ከጎኑ።

ከላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ መስኮቱ ያበራል፣
እንደ ንጹሕ ሰው።