አንቀጽ ዘጠኝ

አስፋልቱ ከሚያልቅበት፣ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣
የእድራችን ቤት አለ፣ ቆርቆሮ ለብሶ፣ በረዶ
ሲወርድበት የሚያደነቁር። እሑድ ከሰዓት ነበር።
እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ሥራዬ መጻፍ ነው እንጂ መናገር
አይደለም።

አጀንዳ አንድ፦ መዋጮ። ሁለት፦ የድንኳን ጥገና።
ሦስተኛው ላይ ሁሉም ሰው ወንበሩን አስጠጋና
ዝም አለ። አቶ ጥላዬ መነጽሩን ወልውሎ
መዝገቡን ከከረጢት አወጣ፤ አነበበ ቀስ ብሎ፦
«ይህ እድር መሣሪያ አይገዛም፣ አያከማችም፣ አይይዝም፤
ጠቡንም በጦር አይፈታም፤ ይህም ቃል አይሰረዝም።»

የጻፈው ሃምሳ አለቃ ወልደሰንበት ነው፤ በሰማንያ ሦስት፣
ከሰሜን በእግሩ መጥቶ፣ ክላሹን በአንድ ቁና ሽምብራ ሽጦት።
ያኔ መንደሩ ስምንት ቤት ነው፤ ድንኳን ያልተጣለበት ሁለት።
ደንቡም እዚያው ድንኳን ውስጥ ነው፣ በኩራዝ የተጻፈው፤
ዛሬም ጋዝ ጋዝ ይላል ወረቀቱ፣ ጠጋ ብሎ ላሸተተው።

ዘንድሮ ግን ሌባ በዛ። ትራንስፎርመሩ ዘይቱን ተጠባ፤
የእድሩ ድስት ተሰረቀ፣ ያውም ትልቁ፣ ሰንጋ የሚያስገባ።
ጥበቃው ቶሎሳ ተደበደበ፤ ዱላው ለሁለት ተሰበረ፤
የማዶዎቹ እድር ደግሞ ጠመንጃ ገዝቶ አደረ።

ሶሬሳ ተነሣ፤ ልጅ ነው፣ ብረት በያጅ፣ ጣቱ የተቃጠለ፦
«በሌላ ሰው ቁስል የተጻፈ ደንብ እኔን ያስራል?» አለ፤
«እናንተ ጦር ጠገባችሁ፤ እኛ ሌባ ጠገብን።
ቶሎሳን በዱላ አቁመን ሰላም ወዳድ ነን አልን!»

እማማ ዝማም ከኋላ፦ «ብረት ቤት ከገባ፣ ልጄ፣
ሥራ ፈቶ አይቀመጥም። ሁለት ልጅ በዚህ እጄ
ገንዣለሁ፤ ታላቁን ጠላት ነው። ታናሹን ግን እዚሁ ቤት፣
ከግድግዳው አውርዶ ሲወለውል ነው የባረቀበት።»

ክንፈሚካኤል፣ የፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ በዘዴ፦
«ማን ሰርዙ አለ? እንተርጉመው፤
አጥር የሚጠብቅ ብረት መሣሪያ ይባላል እንዴ?»
ቤቱ ሳቀ። ወዲያው ማንም ያልሳቀ መሰለ።

ሃምሳ አለቃ ብዙ ቆየ፤ በከዘራው መሬቱን ነድሎ፣
«የጻፍኩት ደግ ሆኜ አይደለም፤ ራሴን ፈርቼ ነው» ብሎ
ተቀመጠ። ቆርቆሮው ላይ አንድ ቁራ ተራመደ፤
የሶሬሳም ዓይን ከሽማግሌው ወደ መሬት ወረደ።

እጅ ተቆጠረ፦ አርባ አንድ ለሠላሳ ስምንት። ጸደቀ።
አንቀጹ አልተሰረዘም፤ ትርጉሙ ግን ተራቀቀ።
«ጸሐፊ ድምፅ አይሰጥም» ይላል አንቀጽ ሃያ፤ እግዜር ይስጠው።
ቢሰጥ ኖሮ እጄ የት እንደሚሄድ እኔ ራሴ አላውቀው።

በወሩ መጣ ጠመንጃው፣ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ፤
ሊቀመንበሩ «ንብረት ነው፣ መዝግበው» አለኝ ቸኩሎ።
ድንኳን ሦስት። ወንበር ዘጠና። ቃሬዛ አንድ። አካፋ ስምንት።
ባዶ መስመር አንድ ነበረች፣ ከቃሬዛውና ከአካፋው መኻል፤
እዚያ ጻፍኩት። ይሰረቃል ተብሎ፣ ዕቃ ቤቱ ይቆለፋል፤
ቶሎሳም ዱላውን ጠግኖ፣
ጠመንጃውን ሲጠብቅ ያድራል።