ቁልቁል ቆጠራ

በሆስፒታላችን ምድር ቤት፣ ራጅ ክፍሉን አልፈው ሲመጡ፣
ሁለት በሮች ይተያያሉ፣ በባሕር እርጥበት ያበጡ፤
አንዱ የጆሮ፣ አንዱ የአንደበት፤
መሐል ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፣ አንድ እግሩ የተሰበረበት።

የአንደበቱ በር የኔ ነው። የዛሬ ዓመት በጥቅምት
አዴሊኖን አመጡልኝ፣ ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ገመድ ሲጎተት።
ስትሮክ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ቃላቱ ሁሉ አሉ፣
መውጫው ጠፍቷቸው ብቻ እርስ በርስ ይጋፋሉ።
የተረፈችው አንዲት ናት፦ «እንዴታ»።
ማንኪያ ሳሳየው፣ «እንዴታ»። ቁልፍ ሳሳየው፣ «እንዴታ»።
የዓሣ ሥዕል ያለበትን ካርድ ገልብጬ ሳወጣ
ዓይኑን ጨፈነ። ጠረጴዛውን በግራ እጁ መታ።

ሚስቱ ዙልሚራ ከጎኑ ነበረች፣ ቦርሳዋን እንዳቀፈች፤
ምን እንዳልኩ አልሰማችም፣ ግን ራሷን ነቀነቀች፤
ሃያ ስድስት ዓመት የሰርዲን ቆርቆሮ ስታሽግ የኖረች፣
ጆሮዋን ለማሽኑ ጩኸት በየቀኑ የከፈለች።
«ማዶ ግቢ» አልኳት፣ በጣቴ በሩን አሳይቼ፤
«ሴልሱ ይለካሻል፣ አይቆይም» አልኩ፣ አፌን በሰፊው ከፍቼ።
«ምኑን ልሰማ ብዬ ነው» አለች፣ «እዚያ ገብቼ የምለካ?
እሱ እንደሁ ዝም አለ፤ ዝምታ ደግሞ አይለካ!»

ቅጹን ሞላን፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግማሹን ሊከፍልላት፣
አራት ወር ጠበቀች፤ ከዚያ ሴልሱ ጠርቶ ገጠመላት።
በመጀመሪያ የሰማችው የራሷን የዝናብ ልብስ ነው፤
«ይህ ሁሉ መንኮሻኮሽ የኔ ነው?» ብላ አወለቀችው።
ከዚያ የወንበሩን ሲጥሲጥታ፣ የቧንቧውን ጠብታ፤
ሁሉንም ተቆጣች፣ እንደ ጎረቤት ልጅ ጫጫታ።

ያን ዕለት እኔ በበኩሌ ካርዱም ሥዕሉም ታክቶኝ፣
አጎቴ፣ ዓሣ ቸርቻሪው፣ በድንገት ትዝ ብሎኝ፤
«አዴሊኖ» ይል ነበር፣ «በወደቡ አዳራሽ ሲቆም፣
እንደሱ ሳይተነፍስ ዋጋ የሚያወርድ የለም።»
በዚህ በፖርቱጋል ዳርቻ የዓሣ ጨረታ ይወርዳል፤
ቀድሞ «ቹኢ!» ያለ ሣጥኑን ከነበረዶው ይወስዳል።

ዙልሚራ እሱን ያስያዘችውን የመሣሪያዋን ካርቶን አንሥቼ
ፊቱ አኖርኩት፣ እንደ ዓሣ ሣጥን ገፍቼ።
«ጌታው፣ ስንት ይላሉ?»
ጀርባው ቀና አለ። ጉሮሮውን ጠረገ።
«ሰማንያ።»
ብዕሬን ጣልኩ።
«ሰባ ዘጠኝ ሰባ ስምንት ሰባ ሰባት» —
እየተንኮታኮተ ሲወርድ እንደ መልሕቅ ሰንሰለት።

ዙልሚራ በሩ ላይ ነበረች። ግን አላቋረጠችውም።
አርባ ዓመት ያበላት ይህ ድምፅ ነው፤ ሰምታው ግን አታውቅም፤
እሱ በሚጣራበት ሰዓት እሷ ማሽኑ ሥር ነበረች፤
አሁን በአዲሷ ጆሮዋ፣ መቃኑን ይዛ ቆመች።

ሃያ። አሥራ ዘጠኝ። ነጋዴ ቢሆን ያን ጊዜ ቆርጦት ነበር፤
እሷ ዝም። አሥር። ዘጠኝ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይል ጀመር።
አምስት። አራት። ገዢ ያጣ ዓሣ ዕጣው መፈጨት ነው፤
ፈራሁለት። «ሦስት» ሲል፣ «ቹኢ!» ብላ አቆመችው።
«በሦስት ዩሮ ወሰድኩህ፤ ግን በረዶውም ጭምር ነው!»
እሱም፣
«እንዴታ» አለ።

ተአምር አይደለም። ስሟን እስከ ዛሬ አላገኘውም፤
ቁጥርና ስም አንጎል ውስጥ አንድ መንደር አይኖሩም።
ከሦስት ቀጥዬ ስሟን ላስገባ ስንት ማክሰኞ ለፋሁ፤
«ሁለት» ይላል፣ «አንድ» ይላል፤ እኔም መዝገቡ ላይ ጻፍሁ፦
ቁጥር — አለ። ስም — ገና።
ማዶ በር ዙልሚራ ትጨቃጨቃለች፦ «ሴልሱ፣ ቀንስልኝማ፤
ባሌ አውቶቡስ ውስጥ ሲቆጥር ጆሮዬን ሊበጥሳት ነውና!»