ስንጥቁ

ከዲዋኒያው ጥግ፥ ከሶፋው በስተጀርባ
አንድ ሙቀጫ አለ፥ የፕላስቲክ አበባ
እስከ ጉሮሮው ታጭቆበት።
እንግዳ ሲመጣ ማዳም፥ "የአያቴ ነው፤" ትላለች፥
"ሐሪስ ይወቅጡበት ነበር፤" ትልና ትስቃለች።
ጎኑን ከላይ እስከ ታች፥ ስንጥቅ ወርዶበታል፤
ማክሰኞ ስወለውለው፥ ጨርቄን ይነክሳል።

ሐሙስ ማታ ሁሉም፥ ወደ ሻሌ ሄዱ።
ዓርብ ረፋድ አመነች፥ ከፋሃሂል ገበያ
ጥቁር ፌስታል ይዛ፥ በጓሮ በር መጣች።
ሻጩ ቁልቃስ ብሏት፥
ጎረቤቷ ሊላማ፥ ቼምቡ ነው ብላት፥
እሷ የማሻ ልጅ፥ ከማንም አልሰማች፤
አፈሩን በጥፍሯ፥ ፋቅ አርጋ አሸተተች።
"ጎደሬ፤" አለች። ብቻ።

ላጥነው፤ እጃችንን በላን፤ ቀቀልነው፤ በሰለ።
"ማሽኑ አለልሽ፤" አልኳት፥ "የአንድ ደቂቃ ሥራ።"
"ማሽን ያዞረዋል እንጂ፥ መች መውቀጥ ያውቅና!
ሙጫ ነው የሚሆን። ጫማ ልትለጥፊበት ነው?"
ዓይኗ ግን ተሻግሮ፥ ዲዋኒያው ውስጥ ገብቷል።
"አበባው ይነቀል።"
"አብደሻል!" አልኳትና
ነቀልኩት።

ከሆዱ ምን ወጣ፥
ሁለት የቴምር ፍሬ፥ የከረሜላ ወረቀት፥
አንድ የወርቅ ጉትቻ።
አምና ሻንጣዬን ገልብጠው፥ ፍራሼን ቀደው፥
ጸጉሬን አስፈትተው ያጡት፥ ያው የወርቅ ጉትቻ።
አመነች አየችኝ። እኔ አላየኋትም።
"ውኃ አምጪ፤" አልኳት፥ "ይታጠብ።"

ዘነዘናውን ከግድግዳ አወረድን፤
ድምፁ እንዳይሰማ፥ ብርድ ልብስ አነጠፍን።
መጀመሪያ ድው ይላል፥ ቀጥሎ ጥፍ፥ ጥፍ፥
ኋላ ዘነዘናውን፥ ጡት እንደያዘ ሕፃን
አልለቅም ይላል።
አንዷ ስትደክም አንዷ፤ ላብ ከአፍንጫችን ጫፍ።
"አራት ዓመት ሙሉ፥ ውኃ ስንወቅጥ ኖረን፥
ዛሬ ገና፤" አለች፥ "የሚጨበጥ አገኘን።"

ዘበኛው በር መታ፤ "ምንድን ነው የሚደልቀው?"
"ሐሪስ ነው፤" አልኩት።
"ሐሪስማ እኔ ነኝ!" ብሎ ስቆ ሄደ።
(ዘበኛውና ገንፎው፥ በነሱ አፍ ወንድማማች ናቸው።)

በቃሪያ በላነው። የተረፈው ለሊላማ።
ማታ አበባውን መለስኩ፤
ጉትቻውንም መለስኩ፥ ከነበረበት፥ ከታች።

ቅዳሜ ማዳም መጥታ፥ ሙቀጫው ጋ ቆመች።
በጣቷ ጎኑን ዳሰሰች፤ ዞረች፤ ደግማ ዳሰሰች።
"ስንጥቁ የት ሄደ?"
ደረቅ እንጨት ውኃ ሲጠጣ፥ አብጦ እንደሚገጥም
ልነግራት አልኩና
ጉሮሮዬን በላኝ።
"እንጃ፤" አልኳት፥ "ማዳም።"